ከአንድሮይድ ወደ አይፎን ቀይሬ ኖቲፊኬሽኑ ግራ አጋባኝ፣ እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?

ግራ_የገባኝ፦

ሰላም ሰዎች እንዴት ናችሁ። ጥያቄዬ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ እያናደደኝ ነው። ስምንት ዓመት አንድሮይድ ነው የተጠቀምኩት፣ ባለፈው የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ ሲመለስ የራሱን አይፎን 13 ትቶልኝ ሄደ። ካሜራው፣ ፍጥነቱ ምናምን አልዋሽም ደስ ይላል። ኖቲፊኬሽኑ ግን አልዋጥልኝ አለ።

የለመድኩትን ልንገራችሁ። በድሮው ስልኬ ከላይ በግራ በኩል ትንንሽ ምልክቶች ይደረደራሉ፣ የቴሌግራም፣ የሜሴጅ፣ የሚስኮል፣ እና ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር ዓይኔ ቀጥታ እዛ ነው የሚሄደው፣ ያልጨረስኩት ነገር ካለ እኔ እስክጠርገው ድረስ እዛው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። አይፎኑ ላይ ያለው ሰዓት፣ ኔትወርክ፣ ባትሪ፣ በቃ። ስልኩ ተቆልፎ እያለ ሜሴጁን አየዋለሁ፣ ከፍቼ ሌላ ነገር ስነካካ ቆይቼ መልሼ ስቆልፈው የለም! የት ገባ? ከላይ ወደ ታች ስስብ ደግሞ አንዴ ዋይፋይና ብሉቱዝ ያለበት ነገር ይመጣል አንዴ ሌላ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መገናኛ አካባቢ ትንሽ የጫማ ሱቅ አለችኝ፣ ደንበኛው ሁሉ አሁን የሚከፍለው በቴሌብር ወይ በባንክ ነው፣ ስለዚህ ስልኬ ማለት የገንዘብ መሳቢያዬ ነው ማለት ይቻላል። ማክሰኞ ዕለት አንዲት እናት ለልጃቸው ጫማ ገዝተው 2,800 ብር ላኩ። "ልኬያለሁ የኔ ልጅ" አሉኝ። ስልኬ ባንኮኒው ላይ በፊቱ ወደ ላይ ተቀምጧል፣ ድምፁ ክፍት ነው፣ ምንም አላለም። እሳቸው የራሳቸውን ስልክ ያሳዩኛል፣ እኔ ደግሞ በስክሪን ያታለሉትን ሰው ታሪክ ስንቱን ሰምቼ፣ "እናቴ እኔ ጋ ካልገባ መስጠት ይከብደኛል" አልኩ። ልጁ አዲሱን ጫማ አድርጎ ቆሟል፣ አውልቅ ልበለው? አሥር ደቂቃ ያህል ተፋጠጥን። በመጨረሻ ሜሴጅ የሚለውን ራሱን ከፍቼ ሳየው ከ127 (ከቴሌብር) የመጣው መልእክት እዛው አለ፣ የገባበት ሰዓት እሳቸው ልኬያለሁ ያሉበት ደቂቃ ነው። ድምፅ የለም፣ ቀይ ቁጥር የለም፣ ምንም የለም። አፈርኩ። ሁለት ጥንድ ካልሲ በነፃ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ።

እና ጥያቄዬ ይሄ የአይፎን ተፈጥሮ ነው ወይስ እኔ ያበላሸሁት ነገር አለ? ሁለቱንም የተጠቀማችሁ ሰዎች በኖቲፊኬሽን የቱ ይሻላል ትላላችሁ? ወደ ድሮው ልመለስ ወይ ብዬ ሁሉ እያሰብኩ ነው።


የፒያሳው፦

ወንድሜ ሁለት የተለያየ ችግር አንድ ላይ ጠቅልለህ ነው ያመጣኸው። መጀመሪያ "የት ገባ" የምትለውን ላስረዳህ፣ እኔም ከአንድሮይድ ነው የመጣሁት፣ ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

አይፎን የሚያስበው እንደዚህ ነው፣ ሎክ ስክሪን ላይ የሚታየው አዲስ የመጣው ብቻ ነው። አንዴ ስልኩን ከከፈትከው "አይቶታል" ብሎ ወደ ኖቲፊኬሽን ሴንተር ያወርደዋል። አልጠፋም፣ አለ። ስልኩ ተቆልፎ እያለ ከስክሪኑ መሃል ወደ ላይ ብትገፋ የቆዩት ይመጣሉ፣ ስልኩ ክፍት ሆኖ ደግሞ ከላይ ከመሃል ወይም ከግራ ወደ ታች ሳብ። ከቀኝ ጥግ ከሳብክ የሚመጣው ዋይፋይ ምናምን ያለበት ኮንትሮል ሴንተር ነው፣ አንተን ያምታታህ እሱ ነው። አንድሮይድ ላይ የትም ብትስብ አንድ መጋረጃ ነበር የለመድከው (አሁን እነሱም ለሁለት መክፈል ጀምረዋል በአንዳንድ ስልክ)።

ሌላ፣ ሰቲንግ ግባና ኖቲፊኬሽን የሚለው ውስጥ መጀመሪያ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፣ ካውንት፣ ስታክ፣ ሊስት ይላል። ካውንት ላይ ከሆነ ቁጥር ብቻ ነው ከታች የሚያሳይህ፣ ሊስት አድርገው፣ ያ አንድሮይድ ወደለመድከው ይቀርባል። ከዛ ቴሌግራም ላይ ግባና ባነር ስታይል የሚለውን ቴምፖራሪ ከሚለው ወደ ፐርሲስተንት ቀይረው፣ እስክትነካው ድረስ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለሁሉም አፕ እንዳታደርገው ግን፣ ታብዳለህ።

ከላይ በግራ የሚደረደር ምልክት እርሳው፣ የለም፣ አይፎን በሱ ቦታ የሚጠቀመው አፑ ላይ የምትለጠፈውን ቀይ ቁጥር ነው።

እንደው ለታሪክ ያህል፣ አይፎን ድሮ በዚህ ነገር መሳቂያ ነበር። አንድሮይድ ገና በ2008 በወጣው የመጀመሪያ ስልኩ ላይ የሚሳበው መጋረጃ ነበረው። አይፎን እስከ 2011 ድረስ ሜሴጅ ሲመጣ ስክሪኑ መሃል ላይ ሰማያዊ ሳጥን ድንቅር ያደርግብህ ነበር፣ ጌም እየተጫወትክ ቢሆንም ዝጋ ወይ ክፈት ሳትል ወደ ሥራህ አትመለስም። አይኦኤስ 5 ላይ ነው የሚሳበውን ነገር ያመጡት፣ ከአንድሮይድ እንደወሰዱት ማንም አይክድም። የአንድ አፕን ኖቲፊኬሽኖች በአንድ ላይ መጠቅለሉ ደግሞ በ2018 አይኦኤስ 12 ላይ መጣ። አንድሮይዶችም በተራቸው ከአይፎን ወስደዋል፣ አዲስ አፕ ስትጭን "ኖቲፊኬሽን ልላክልህ?" ብሎ መጠየቅ አይፎን ከጥንት ጀምሮ ያለው ነው፣ አንድሮይድ ይሄንን ግዴታ ያደረገው በ2022 በ13ኛው ቨርዥን ነው። እስከዛ የጫንከው አፕ ሁሉ ሳይጠይቅህ ይጮህብህ ነበር።

የ127ቱ ግን ከዚህ ሁሉ ጋ አይገናኝም። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ሜሴጅ ስትከፍት ከላይ በኩል ፊልተርስ የሚል ነገር አለ?


ባለ_አረንጓዴው፦

😂😂 "አልጠፋም፣ አለ" አለ። የኔ ወንድም አለ የሚባለው ሲታይ ነው።

ካልሲ አትስጥ ስልኩን ሽጠው። ኖቲፊኬሽን ላይ አንድሮይድና አይፎን ማወዳደር ራሱ ነውር ነው። እስቲ አንድ ነገር ልንገርህ፣ የራይድ አፕ ታውቃለህ አይደል፣ "ሹፌሩ ደርሷል" የሚለውን ትፈልገዋለህ፣ "ዛሬ 20 ፐርሰንት ቅናሽ" የሚለውን አትፈልገውም። አንድሮይድ ላይ የቅናሹን ኖቲፊኬሽን ጫን አድርገህ ትይዘዋለህ፣ ይሄኛውን ዓይነት ብቻ ዝም አስብለው ትለዋለህ፣ አለቀ፣ ሹፌሩ መምጣቱን ይቀጥላል። ቻናል ይባላል፣ ከ2017 ከአንድሮይድ 8 ጀምሮ አለ። እያንዳንዱን ቻናል ድምፁን ለብቻ፣ ንዝረቱን ለብቻ ታስተካክላለህ። አይፎን ላይ አፑን በሙሉ ነው ዝም የምታሰኘው ወይ በሙሉ የምትሰማው፣ አፑ ራሱ ውስጥ ሰቲንግ ካላዘጋጀልህ በስተቀር።

ሁለተኛ ሂስትሪ። ከአንድሮይድ 11 ጀምሮ በስህተት የጠረግከውን ኖቲፊኬሽን ተመልሰህ ታየዋለህ፣ ሰቲንግ ውስጥ ኖቲፊኬሽን ሂስትሪ የሚለውን ማብራት ብቻ ነው። ሰው ዋትሳፕ ላይ ልኮ ቶሎ የሚያጠፋውን ሁሉ እዛ አነበዋለሁ ሃሃ፣ ስንት ነገር እንዳየሁበት ብነግራችሁ። አይፎን ላይ ጠርገህ ከሆነ በቃ ሄደ፣ ጸሎት ብቻ።

ሦስተኛ ስኑዝ ማድረግ፣ ሰቲንግ ውስጥ ካበራኸው "ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሰህ አምጣልኝ" ትለዋለህ። ሱቅ ላለው ሰው ከዚህ በላይ ምን አለ? ደንበኛ ፊትህ ቆሞ ቴሌግራም አትከፍትም፣ ቆይተህ ግን እንዳትረሳው ትፈልጋለህ።

አሃ አንድ ደግሞ፣ አንድሮይድን በአማርኛ አድርገህ መጠቀም ትችላለህ፣ "ማሳወቂያዎች" ብሎ ነው የሚጽፍልህ። እናቴ በዛ ነው የምትጠቀመው።


ኮድ_ጻፊው፦

እዚህ ቤት ውስጥ አፕ የሚሠራ ሰው ስለጠፋ እኔ ልግባበት፣ ሁለታችሁም ግማሹን ነው የተናገራችሁት።

ባለ አረንጓዴው የቻናሉን ነገር በጣም አሳምረህ ነው ያወራኸው፣ እውነቱን ግን ልንገርህ፣ ቻናሉን የሚከፋፍለው አፑን የሚሠራው ሰው ነው። እኔ ራሴ የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የዴሊቨሪ አፕ ስንሠራ አለቃችን "ማስታወቂያውንም ትእዛዙንም አንድ ቻናል ውስጥ ክተተው፣ ሰው ማስታወቂያውን ሊያጠፋ ከፈለገ ትእዛዙንም ያጣል፣ ስለዚህ አያጠፋም" አለኝ። አደረግኩት። ስሙንም "ጄነራል" አልኩት። አሁን ሳስበው ያሳፍራል ግን የሚሠራው እንደዛ ነው፣ ስልካችሁ ላይ ገብታችሁ የቻናሎቹን ዝርዝር እዩ፣ ጄነራል፣ ዲፎልት፣ ሚሴሌኒየስ የሚል አንድ ብቻውን ቁጭ ያለ ካያችሁ ያው እንደኔ ያለ ሰው ነው የሠራው። አፕል በበኩሉ ሳታስፈቅድ ማስታወቂያ በኖቲፊኬሽን አትላክ የሚል ሕግ አለው፣ ከ2020 ጀምሮ ተጠቃሚው በግልጽ እሺ ካለና ማጥፊያ ካለው ይቻላል ብለዋል። ማን እንደሚያከብረው እናንተው ታውቃላችሁ።

አሁን ሜሴጁ እንዴት እንደሚደርስ። ብዙ ሰው ቴሌግራም ከቴሌግራም ሰርቨር ጋ ቀጥታ የራሱ መስመር ያለው ይመስለዋል። ስልኩ ተኝቶ እያለ ክፍት የምትሆነው አንዲት መስመር ናት፣ አይፎን ከሆነ ወደ አፕል፣ አንድሮይድ ከሆነ ወደ ጉግል። የአፑ ሰርቨር መልእክቱን ለነሱ ይሰጣል፣ እነሱ ስልክህን ቆንጠጥ አድርገው ይቀሰቅሱታል። ሁሉም አፕ የራሱን መስመር ቢከፍት ባትሪህ ምሳ ሰዓት አይደርስም ነበር። የምትልከው ነገር ደግሞ ቢበዛ 4 ኪሎባይት ናት፣ በሁለቱም በኩል፣ ስለዚህ ፎቶው ራሱ በዛች መስመር አይመጣም፣ "ፎቶ አለህ" የሚለው ነው የሚመጣው።

እዚህ አገር ደግሞ ማታ ዳታ አጥፍቶ የማይተኛ ማነው፣ ጥቅል እንዳያልቅ። ጠዋት ስታበራው ዝርግፍ የሚለው ጉግል አጠራቅሞ ስለያዘልህ ነው። እስከ አራት ሳምንት ይይዝልሃል፣ ለአንድ አፕ ግን 100 መልእክት ካለፈ የተጠራቀመውን ጥሎ ለአፑ "ራስህ ሄደህ ከሰርቨርህ አምጣ" ይለዋል።

የአንድሮይድ ትልቁ በሽታ ግን ሌላ ነው፣ ባትሪ ቆጣቢው። ጉግል ራሱ በ2015 አንድሮይድ 6 ላይ ዶዝ የሚባል ነገር አምጥቶ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ሲቀመጥ አስቸኳይ ያልሆነውን ያቆየዋል፣ እሱስ ደህና፣ አስቸኳይ ተብሎ የተላከ ያልፋል። ስልክ አምራቾቹ ግን በዛ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ፣ አንዳንዶቹ አፑን ከሪሰንት (በቅርብ የከፈትካቸው አፖች ዝርዝር) ላይ ጠርገህ ስታወጣው ሙሉ በሙሉ ይገድሉታል፣ ከዛ በኋላ አንተ ራስህ እስክትከፍተው ምንም አይመጣም። የእህቴ ስልክ እንደዛ ነበር፣ ብራንዱን አልጠራም፣ የምትሠራበት ቦታ የሺፍት ለውጥ በዋትሳፕ ነው የሚነገረው፣ ሁለቴ ቀረች። እኔ ቤተሰቡ ውስጥ የኮምፒውተር ሰው ተብዬ ሦስት ቀን ዋትሳፑን አጥፍቼ ስጭን ሰነበትኩ፣ ሰቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለው ላይ "አንሪስትሪክትድ" ማድረግ ነበር መፍትሔው። ይሄ ነገር ዓለም አቀፍ ችግር ሆኖ ዶንት ኪል ማይ አፕ የሚል ድረገጽ ሁሉ አለው፣ ለየአምራቹ ምን መንካት እንዳለብህ ይዘረዝራል። አይፎን ላይ ግን አፑን ወደ ላይ ገፍተህ ብታወጣውም የሚታየው ኖቲፊኬሽን ይመጣል። በዚህ አይፎንን አከብረዋለሁ፣ ሁሉም አይፎን አንድ ዓይነት ነው የሚሠራው። ከ2019 በኋላ የወጡት የሁዋዌ ስልኮች ደግሞ የጉግል መስመር ስለሌላቸው ሌላ ጣጣ ነው፣ እሱን ሌላ ቀን።

ወደ ጠያቂው ስንመጣ ግን ይሄ ሁሉ አንተን አይመለከትም! የ127 መልእክት ኤስኤምኤስ ነው፣ በሞባይል ኔትወርኩ ነው የሚመጣው፣ አፕልም ጉግልም መሃል የሉበትም፣ ዳታ ብታጠፋም ይገባል። ገብቶልሃልም። ድምፁ ነው የታፈነው። የፒያሳው የጠየቀህን መልስ፣ እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት።


ናይት_ሺፍት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ማታ ሠርቼ ቀን የምተኛ ሰው ነኝ፣ ስለዚህ ለኔ ጥሩ ኖቲፊኬሽን ማለት የማይመጣው ነው 😄 ሁላችሁም ስለ መምጣቱ ብቻ ስታወሩ ገረመኝ።

እኔ አይፎን ባለቤቴ አንድሮይድ ነው፣ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ይሄ ክርክር በየሳምንቱ አለ። አይፎን ላይ ፎከስ የሚባለው (በ2021 አይኦኤስ 15 ላይ ነው የመጣው) ሕይወቴን አድኖታል፣ ለእንቅልፍ አንድ፣ ለሥራ አንድ፣ ለቤተክርስቲያን አንድ ሠርቻለሁ፣ በእያንዳንዱ ማን እንደሚያልፍ ለይቼ። የቤተሰብ ግሩፑ፣ የዕቁብ ግሩፑ፣ የሰፈር ልጆች ግሩፕ፣ ይሄ ሁሉ ስኬጁልድ ሰመሪ ውስጥ ገብቶ በቀን ሁለቴ ተጠቅልሎ ይመጣል፣ ስታበሩት ራሱ ጠዋት 8 እና ማታ 6 ላይ ያስቀምጠዋል፣ በኛ 2 ሰዓትና 12 ሰዓት ማለት ነው፣ እኔ ወደምነቃበት ቀየርኩት።

የምነግራችሁ ግን አንድ ነገር ነው፣ ማንም ሲያወራበት አልሰማሁም። ስልኩ ዱ ኖት ዲስተርብ ላይ ሆኖ ያው ሰው ደጋግሞ ከደወለ ሁለተኛው ጥሪ ይጮሃል፣ ሁለቱም ስልክ ላይ አለ። አይፎን ላይ ሁለተኛው ጥሪ በ3 ደቂቃ ውስጥ መሆን አለበት። አንድሮይድ ላይ በ15 ደቂቃ ውስጥ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል አይደል? እናቴ ደሴ ነው ያለችው፣ አንዴ ደውላ ካላነሳሁ "ሥራ ላይ ትሆናለች" ብላ ቡናዋን አቅርባ፣ አንደኛውን ጠጥታ ነው መልሳ የምትደውለው፣ አሥር ደቂቃ አለው። በኔ ስልክ አያልፍም። በባለቤቴ ስልክ ያልፋል! አባቴ ታሞ ሆስፒታል የገባ ቀን ባለቤቴ ነው ነግሮ የቀሰቀሰኝ። ከዛ በኋላ የእናቴን ስም ኮንታክት ውስጥ ከፍቼ፣ ኤዲት ብዬ፣ ሪንግቶን የሚለው ውስጥ ኢመርጀንሲ ባይፓስ የሚለውን አበራሁት፣ አሁን ምንም ብዘጋ እሷ ትገባለች። አንድሮይድ ያላችሁ ደግሞ ኮኮብ አድርጉባቸውና ኮኮብ ያላቸው ይለፉ በሉት። ውጭ ያላችሁ በተለይ አሁኑኑ አድርጉት፣ ነገ አትበሉ።

ደግሞ የተገላቢጦሽም አለው፣ አገር ቤት ሰው ሚስኮል ሲያደርግ ሁለቴ ሦስቴ አከታትሎ ነው የሚያደርገው፣ ያ በ3 ደቂቃው ሕግ ቀጥ ብሎ ያልፋል። "እንዲያው ሰላም ልልሽ ብዬ ነው" ይላል በጥልቅ እንቅልፌ።

ያ አይፎን ኖቲፊኬሽኑን በኤአይ እያሳጠረ የሚጠቀልለውን ነገር ግን አጥፉት። በ2024 መጨረሻ የቢቢሲን ዜና ጠቅልሎ ያልተባለ ነገር ጽፎ፣ ቢቢሲ አቤቱታ አቅርቦ አፕል በጥር 2025 ለዜና አፖች አቁሞት ነበር። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ የሞት ዜና አጣሞ ቢነግረኝስ?


ባለ_አረንጓዴው፦

እህቴ አባትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። የ15 ደቂቃውን አላውቅም ነበር፣ አንድ ነጥብ ለኛ 😁 ኮድ ጻፊው ግን አንተን አልረሳህም፣ ያቺ "ጄነራል" የምትባለው ቻናል ስልኬ ላይ ሰባት አፕ ውስጥ አገኘኋት አሁን ገብቼ ሳይ።


ግራ_የገባኝ፦

ሰዎች አገኘሁት!!! ልንገራችሁ ግን አትሳቁብኝ።

የፒያሳው ያልከው ፊልተርስ አለ። ነክቼው ስገባ ኖውን ሴንደርስ እና አንኖውን ሴንደርስ ብሎ ለሁለት ከፍሎታል፣ አንኖውን በሚለው ውስጥ 127ም፣ ሁለቱም ባንኮቼም፣ የጥቅል ማስታወቂያውም፣ አንድ የማላውቀው "ወንድም ጋሼ ያ ዕቃ ደረሰ ወይ" የሚል ሰውም ሁሉም እዛ ታጉሮ ተቀምጧል። ያልተነበበ 43 አለ። ለካ ስልኩን በተቀበልኩ በሁለተኛው ቀን የማስታወቂያ ኤስኤምኤስ ሲያስቸግረኝ ጎረቤት ያለው የሞባይል ሱቅ ልጅ "ይሄን አብራው ዝም ይላሉ" ብሎኝ ፊልተር አንኖውን ሴንደርስ የሚለውን ራሴ በእጄ አብርቼዋለሁ። ኮንታክት ውስጥ ያልተመዘገበ ሁሉ ድምፅ አያሰማም ማለት ነው። ልጁም ልክ ነው፣ ዝም አሉ፣ ከነ ገንዘቤ።

መጀመሪያ 127ን "ቴሌብር" ብዬ ኮንታክት ውስጥ አስገባሁትና አንድ ጓደኛዬ 5 ብር ላከልኝ፣ ጮኸ! ባንኮቹ ግን በስም ነው የሚመጡት፣ ቁጥር የላቸውም፣ ምን ብዬ ልመዝግባቸው፣ ስለዚህ ፊልተሩን ራሱ አጠፋሁት። ማስታወቂያውም ተመለሰ፣ ይሁን።

ሊስት የሚለውንም አደረግኩ፣ አሁን ቢያንስ ይታየኛል። ከላይ በግራ ያሉት ምልክቶች ግን አሁንም ይናፍቁኛል፣ ዓይኔ እዛ ይሄዳል፣ ሰዓት ብቻ ነው የሚያገኘው። የድሮውን ስልክ አልሸጥኩትም፣ ሱቅ ውስጥ ለሱቁ የቴሌግራም ቻናል አድርጌዋለሁ፣ ማታ ወደ ቤት ስሄድ እዛው ይቀራል። ናይት ሺፍት እህቴ ያልሽውን የኢመርጀንሲ ነገር ለእናቴም ለባለቤቴም አበራሁ፣ አባትሽ እንዴት ሆኑ አሁን?


ናይት_ሺፍት፦

ተመስገን ደህና ነው፣ ቤት ገብቷል። አሁን እሱ ነው ሁለቴ አከታትሎ የሚደውለው።


ኮድ_ጻፊው፦

"ወንድም ጋሼ ያ ዕቃ ደረሰ ወይ" ላለው ሰው መልስለት እንጂ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጠበቀህ ነው።


ባለ_አረንጓዴው፦

ሱቁ መገናኛ የቱ ጋ ነው? ቁጥር 42 ጥቁር ቆዳ ካለህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ካልሲውም ከነበረ።